አምስተኛው ቅብ

ከለገሀሬ ጀርባ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣
ብሩሼ ያረጀው በድሬ ሐሩር፣
ባጃጅ ላይ ጥቅስ ስጽፍ፣ "ዱቤ ነገ" ለሱቅ፣
አንድ ፊት ነው ብቻ ደጋግሜ የማውቅ።

ሮብሌ ጌሌን።

ከባቡሩ ጋራዥ፣ ቱታውን ሳይቀይር፣
አንድ ምሽት መጣ፣ ፓርቲው ሲጀመር።
"ሣለኝ" አላለኝም፤ ላኩት እንጂ ሰዎች፣
"ለሰሌዳ" ብለው አሥራ አንድ መሥራቾች።
በርጩማዬን ስቤ "ተቀመጥ" ብለው፣
በሬ ላይ አየና ተራ ጠባቂ ሰው፣
"የቆመ ሰው ሳለ፣
እኔ አልቀመጥም" አለ።

እንደ ቆመ ሣልኩት። የመጀመሪያው ቅብ፦
ጥፍሩ ሥር ጥቁር ዘይት፣ ግንባሩ ላይ ላብ፣
እጁ ላይ ኪያቤ፣ ከኋላው ሕዝብ፦
ኩሊ፣ ጫት ነጋዴ፣ የቀፊራ ቅመም ሻጭ፣
ደቻቱን ተሻግሮ ከመጋላ የመጣ ጎማ ለዋጭ።

የፓርቲው ካዝና የወተት ጣሳ ነው፤
እሑድ ማታ ሮብሌ ደጅ ላይ ሲገለብጠው፣
በአራት ቋንቋ ነበር ሳንቲም የሚቆጥረው።
"ለምን አራት ጊዜ? አንድ ገንዘብ አይደል?" አሉት አንድ ቀን፤
"ማንም እንዳይል ነው፣ ሳልሰማው ሄደ ገንዘባችን።"

አንድ ወጣት ደፍሮ "ሊቀ መንበር" ቢለው፣
ዙሪያውን አየና፣ "መንበሩ የቱ ነው?
ሊቀ ቋሚ በለኝ" አለው እየሣቀ፤
ቀልድ ነበር ያኔ። ሰውም አብሮ ሣቀ።

ሮብሌን ወባ ነጥቆን፣ ሳይወጣ ዓመቱ፣
ጸሐፊው መጣና ቆመ ከፊት ለፊቱ፦
"ጥፍሩን እጠብልን። እንግዶች አሉብን፤
እድፍ ነው፣ ያሳፍራል፣ ፎቶ ሲያነሱን።"
አጠብኩት። በነጭ ቀለም፣ በትንሽ ሮዝ።
ሁለተኛ ቅብ።

ሦስተኛው ላይ ደግሞ፣ "ኪያቤው ይነሣ፣
ብዕር ይጨብጥ፤ ከረባትም እንዳይረሳ።"
እኔ ከረባት አስሬ አላውቅ፣ ለራሴም ቢሆን፣
ከሰርግ ፎቶ ላይ ገለበጥኩት ቋጠሮውን።

አራተኛው አጭር ነበር፦ "ኋላ ያሉት ይጥፉ፤
ሥዕሉን ያጣብባሉ።"
ኩሊው ጠፋ፣ ቅመም ሻጯም ጠፋች፣
የጎማ ለዋጩ ጆሮ ብቻ፣ ከሮብሌ ትከሻ ጎን ቀረች፤
ሰማያዊ ደረብኩባት። ደመና መሰለች።

ሁልጊዜም ከፈሉኝ።
ሁልጊዜም ወሰድኩ። ልጆች ነበሩኝ።
ይኼን የማነሣው ለንስሐ አይደለም፤
የኔን ሳልቆጥር ብቀር፣ ጣሳው አይሞላም።

ዘንድሮ ለጉባኤው፣ ሊቀ መንበሩ ራሱ ደወለ፦
"ቆሞ ይደክመዋል፤ ወንበር ሣልለት" አለ።
"እንደኔው ዓይነት፣ ቆዳ፣ የክንድ ማሳረፊያ ያለው።"

ሦስት ሌሊት ሞከርኩ። ወንበሩስ ቀላል ነው፤
የሚያስቸግረው ጉልበቱ ነው።
ስንት ጊዜ አጠፍኩት፣ ስንት ጊዜ ፋቅኩ፤
ያልለመደውን ነገር፣ በብሩሽ ማስተማር አልቻልኩ።
ሥዕሉ ሳያልቅ ተጫነ፣ በአይሱዙ ሄደ፤
ከመቆም ዝቅ ብሎ፣ ወንበሩን ሳይነካ፣ እንደ ተንገዳገደ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ቬንትሌተሩ ዞረ።
የሰው ዓይን ሁሉ ከሥዕሉ በታች፣ ከማይኩ ላይ ነበረ።
ሙሚና ዩያ ብቻ፣ ጫት ነጋዴዋ፣
ያ አራተኛው ቅብ የበላት፣
ወንበር ስላልተረፈ፣ ከነዘንቢሏ በር ላይ ቆማ፣
እጅጌዬን ሳበችው፦
"አንተ ሠዓሊ፣ ዓይኔ ደክሟል፤ እስቲ ንገረኝ፣
ሮብሌ እየተቀመጠ ነው፣ ወይስ እየተነሣ?"

ዝም አልኳት።
ቅድም የሰጡኝን ፖስታ ከኪሴ ዳሰስኩት።
ገና አልቆጠርኩትም።
በአንድ ቋንቋ እንኳ።