ነጩ እርሳስ

ቅዳሜ ከሰዓት፥ ግዳንስክ ሲያካፋ፥
ከመርከብ መሥሪያው በር ከሰው ጋር ስጋፋ፥
የመምህሯ ወረቀት ከኪሴ ሳይጠፋ፥
ድልድዩን ተሻግሬ ቴክላ ሱቅ ገባሁ።

«ሃያ አራት ቀለም፥ ሁለት ቀጭን ብሩሽ፥
ለያጎዳ ይገዛ፥ ሰኞ ሳይመሽ።»

እኔ ብረት በያጅ፥ ምን አውቃለሁ እኔ?
ጣቴን እሳት ልሶት፥ ጭስ ለምዶታል ዓይኔ።
የቆርቆሮውን ሳጥን፥ የካርቶኑን ሳጥን
እንደ ሰው ቤት ድስት ከፈትኩኝ ክዳኑን፤
እንጨቱን አሸተትኩ፥ ጫፉን ነካካሁ፥
ዋጋውን ገልብጬ ሁለት ጊዜ አየሁ።
ርካሹ ይሰበራል፤ ውዱም ይጠፋል፤
የልጅ ነገር እኮ አልጋ ሥር ይገባል።

ቴክላ ከወንበሯ፥ መነጽሯን አውርዳ፥
«የቱን ነው ቶሎ የምትጨርስ ያጎዳ?
ቀድሞ የሚያጥረው የትኛው ነው?» አለች፥
እንደ ሐኪም ሆና፥ መልስ እየጠበቀች።

አላውቅም።
አላውቅም ነበረ። ሦስት ዓመት ሙሉ
ከፍሪጁ በር ላይ ሥዕሎች ሲውሉ፥
«ጎበዝ» ማለት ነበር እኔ የማውቀው፥
ጫማዬን ሳወልቅ፥ ሳልቀርብ፥ ሳላየው።

ቆይቶ ትዝ አለኝ፤ ጥቁሩ እርሳስ ነው፤
ጉማጅ ሆኖ ቀርቷል፥ ጥፍር የማይዘው።
ነጩ ግን እንዳለ፥ እንደ ተገዛ፥
ሙሉ ቁመቱን ይዞ፥ ሥራ ፈት፥ ፈዛዛ።
ነጭ በነጭ ላይ ምን ብሎ ያወራል?

ይኼን ስነግራት ሳቀች።
መሳቢያ ስባ፥ አቧራውን እፍ ብላ፥
ጥቁር ወረቀት አወጣች፥ ከሌላው ነጥላ።

ይኼንንስ አውቃለሁ!
ጥቁር ብረት ላይ በነጭ ጠመኔ አሰምራለሁ፤
የት እንደሚቆረጥ፥ የት እንደሚገጠም፤
ዕድሜዬን በሙሉ ሌላ ሥዕል የለኝም።

አሥር ጥቁር ሉህ፥ ሁለት ጥቁር እርሳስ፥
መቅረጫ ከብረት፥ የማይልፈሰፈስ።
ብሩሹ ቀረ፤ መምህሯ ትቆጣ።
ሃያ አራቱ ቀለም፥ ደመወዝ ሲመጣ።

ማታ፥ ያጎዳ ነጩን ቀረጸችው፤
ልጡን እንደ ሽንኩርት ከጎን አኖረችው።
አንድ ነጥብ ጣለች፥ እጇን ሳታሳርፍ፥
ከነጥቧ ዙሪያ ብዙ ፍንጣሪ ሲከንፍ።

«ርችት ነው?» አልኳት።
«አይ» አለች፥ ሳታየኝ፤ «አንተ ነህ።
ጭንብል አጥልቀሃል፤ ለዚያ ነው ፊት የሌለህ፤
ጨለማው ጀርባህ ነው፤ ይኸው፥ ይቺ እጅህ።»

«ጎበዝ» አላልኩም።
ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ፥ ጫማዬን ሳላወልቅ፤
አንዱን ጭረት በዓይኔ ተከተልኩ፥ እስኪያልቅ።