ማሟሻ

ሁለት ኪሎ ተኩል፣ መነጽሩን ሳይጨምር፤
ጉልበቴን አማክሬ ገዛሁት፣ እሱ ነው ዳገት ላይ የሚከራከር።
ሻጩ በአንድ እጁ አንሥቶ «ቀላል ነው» አለኝ፣ «እንደ ላባ»፤
የቀላል ትርጉም ለትከሻዬ ገና ሳይገባ።
ክብደት የሌለው ቁጡ ነው፤
በመጀመሪያው ጥይት ጥርሴን ከጥርሴ አጋጨው።

ከጀልባ መጠገኛው ጀርባ፣ ከፊዮርዱ ዳር፣ በሰኔ፣
ጣውላ ላይ ወረቀት ቸንክሬ ማሟሸት ጀመርኩ እኔ።
አንድ ጥይት፤ ከዚያ ጨርቅ።
አንድ ጥይት፤ ከዚያ ጨርቅ።
መቀርቀሪያውን መዝዤ፣ ዘንጉን ከኋላ እሰዳለሁ፣ በአፉ በኩል በፍጹም፤
አፉ የተቧጨረ ጠመንጃ እውነት አይናገርም።
የመጀመሪያው ጨርቅ ጥቁር ወጣ፣ የባሩድ ጥላሸት፤
ሁለተኛው አረንጓዴ፣ ጥይት ሲሮጥ ከሸሚዙ
በቦዩ ጥርስ የቀረበት የመዳብ ቅዳጅ ምልክት።

ቱቦው ቀጭን ነው፣ ቶሎ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ይዋሻል፤
ሦስተኛው ጥይት ወደ ግራ፣ አራተኛው ወደ ላይ ይሸሻል።
ስለዚህ እጠብቃለሁ።
የአንዲት ጀልባ ዘይት እቀይራለሁ፤
ተመልሼ በእጄ ጀርባ እዳስሰዋለሁ፣
ያተኮሰው ልጅ ግንባር ይመስል።

ቶርላይቭ አጥሩን ተደግፎ ይስቃል፦
«ኤይቪን፣ ጠመንጃ ነው ወይስ ሙሽራ የምታጥበው?
የኔን አየኸው? ሠላሳ ዓመት ጨርቅ አልነካው፤
ዝናብ ያጥበዋል፣ ነፋስ ያደርቀዋል፣
አጋዘኑ ታዲያ መሞቱን መች ተወው?»

ሃያ ሁለት መኸር ተከራከርን፤
በድንኳን፣ በጀልባ፣ አንዴም በቀብር ላይ፣ ቄሱ እየሰማን።
እኔ፦ መቀርቀሪያው ላይ ዘይት አታብዛ፣ በብርድ ይረጋል፤ መርፌው ይዘገያል።
እሱ፦ የረጋም ቢሆን ካንተ ይፈጥናል።
እኔ፦ ከበረዶ ስትገባ በረንዳ ላይ ተወው፣ ሙቀት ሲነካው ያልበዋል፤
ላቡ ዝገት ይወልዳል።
እሱ፦ ሚስቴ እኔንም በረንዳ ታሳድረኛለች፣ የታል ዝገቴ?
እኔ ብሎኖቹን በቁልፍ አጠብቃለሁ፣ ልካቸው ሰፍሯል በደብተሬ፤
እሱ በጥፍሩ ነካ አድርጎ «ጠብቋል» ይላል፤
በአንድ ጥይትም ይጥላል።
እኔ (ይህን መጻፍ አልነበረብኝም)
በሁለት።

ዘንድሮ በነሐሴ ተራራ አልወጣም። እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤
የበሩን ቁልፍ ለመክተት ቀኙን በግራው ይይዛል።
ልጁ ጉንቮር ጠመንጃውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አመጣች፤
«ይያዝልኝ ብሏል። እንዳያጸዳውም ብሏል» አለችና ሄደች።

መብራቱን ወደ ጠረጴዛው ሳብኩ።
የሠላሳ ዓመት ጥላሸት፣ የሠላሳ ዓመት መዳብ፣ አልኩ፤
አንድ ሙሉ አንሶላ ቀድጄ ቆራረጥኩ።
መቀርቀሪያውን ስመዘው ድምፅ የለውም፣ እንደ ቅቤ መጣ፤
ዘንጉን ገፋሁ፣ ጨርቁም በአፉ ወጣ።

ነጭ።

ሁለተኛውም ነጭ።
ቱቦውን ወደ መብራቱ አቀናሁ፣ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ፤
ቦዮቹ ይጠማዘዛሉ፣ ጥርት ብለው፣ እንደ ምንጭ።
ከሰደፉ ጎድጓዳ ውስጥ፣ ትንሽ የዘይት ብልቃጥ ሥር፣
የተደረደረ ቁራጭ ጨርቅ፣ ሰማያዊ መስመር ያለው፤
ሸሚዙን አውቀዋለሁ፤ ያኔ በቀብሩ ዕለት የለበሰው ነው።

ስንት ሌሊት ይሆን፣ በድንኳኑ፣ ማንኮራፋቴን ጠብቆ፣
የእጅ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ፣ ትንፋሹን አምቆ፣
ይህን ሁሉ ጨርቅ ያመላለሰው?
ጠዋት ደግሞ ጭቃ ሰደፉ ላይ ቀብቶ የሚሥቀው።

በሦስተኛው ቀን ደወለ። «አጸዳኸው?»
«አልነካሁትም» አልኩት።
ዝም አለ። ረጅም ዝምታ፤ ስልኩ ጆሮው ላይ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት።
«ውሸታም» አለ ቀጥሎ፣ እየሳቀ፣ እያሳለው።

የተቀደደው አንሶላ፣ ከነጥልፉ፣
አሁንም ወለሉ ላይ ነው።