ስንቅ በገመድ

ከደብረ ብርሃን ስንወርድ፣ በጣርማበር በኩል፣
ጭኔ ላይ ናት ሳጥኗ፤ ከመዳፍ አትዘል።
ውስጧ አንዲት አረንጓዴ ሰሌዳ፣
የሮቢን ሙላት ለክታ የምታስረዳ።

አባቴ የመንዝ ሰው፣ ዝተት ሠሪ ነው፣
ጤና ማለት ለሱ ሙቀት ብቻ ነው።
"ብርድ እንዳይመታት" ብሎ ገበር ሰፋላት፣
እኔም ቀዳዳዋን ሁሉ በሙጫ ደፈንኩላት።
ቢሮ ስፈትናት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣
ማራገቢያዋ አንዴም አልዞረ፤ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ።

ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ፣
የሷን ገበር ማውለቅ ግን ዘነጋሁ።

ምሰሶው ከወንዙ ዳር ብቻውን ቆሟል፤
ሶኬት የለውም፤ ማንስ እዚያ ይተክላል?
ከውሃ ቢሮው እስከዚያ ሰማንያ ሜትር ይሆናል፣
በጀታችን ደግሞ አንድ ገመድ ይገዛል።

የወንዙ ዘበኛ፣ ኢብሬ፣ ገመዱን ጨብጦ፣
"ወሬ ብቻ አይበላ፤ ምሳዋስ?" አለኝ አፍጦ።
"በዚሁ" አልኩት። "በምኑ?" "በዚሁ በክሩ።"
ጫፉን ልጬ አሳየሁት፤ ተዘረገፈ ምስጢሩ፦

ስምንት ቀጫጭን ሽቦ፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣
እንደ እናቴ ፈትል ተጠማዝዘው፣ ከረው።
ነጩ ከብርቱካኑ፣ ነጩ ከሰማያዊው፤
ጥምዝምዙ ከላላ ቃሉን ጩኸት ይበላው።
ቃሏ ወደኛ ሲመጣ፣ ስንቋ ወደሷ ይወርዳል፤
በአንድ ቀጭን ጎዳና ገበያተኛ ይተላለፋል።
አርባ ስምንት ሆኖ ወጥቶ ደጇ ላይ ይመነዘራል፣
አምስት ቮልት ይገባል፤ መንዛሪው ድርሻውን በሙቀት ያስቀራል።

"ደሞም" አልኩት፣ "አስቀድሞ ይጠይቃል እንጂ ዝም ብሎ አይልክም፤
'ማነሽ? ስንት ትበያለሽ?' ሳይል አያጎርስም።"
ኢብሬ ሳቀ።
"እኔን ቀበሌው ሲቀጥረኝ ይሄን አልጠየቀኝም።"

እስከ ረፋድ ጻፈች፦ ውሃው ሰማንያ ሳንቲም፣
ሰማንያ ሁለት፣ ሰማንያ፤ አላረፈችም።
ስድስት ሰዓት ሲሆን
ዝም።

መሰላል ወጣሁ። ሳጥኗ ጣት አያስነካም፤
ማራገቢያዋ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ግን አይጠቅምም።
እዚያ በብርዱ አገር እንደ ትርፍ የናቅኩት፣
የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህለው፣ ልነቅለው ያሰብኩት፣
የራሱን ትኩስ ትንፋሽ እየዋጠ እየተፋ፣
በተዘጋ ቤት ውስጥ ብቻውን ሲለፋ።

"ሽንኩርት እናውቃለን" አለ ኢብሬ ከታች፣
"ጎተራው ካልተነፈሰ ትበሰብሳለች።
ከሥር ቀዳዳ ስጪያት፣ ከላይ ቀዳዳ ስጪያት፣
ፊቷን ከፀሐይ መልሺ፤ ነፋሱ ራሱ ያግኛት።"

ገበሩን ቀደድኩት። አባቴ፣ ይቅር በለኝ፤
ሞቆ ማደር ብቻ ነበር ያስተማርከኝ።
በኢብሬ መሰርሰሪያ ሥሯን በሳሁ፣ አናቷን በሳሁ፣
ዝናብ እንዳይገባ የቆርቆሮ ባርኔጣ ደፋሁ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ኢብሬ ጫት ቀነጠሰ፣
እኔ ጣቴን ነፋሁ፤ የብረቱ ትኩሳት እስካሁን አልቀነሰ።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ቁጥር መጣ፦ ሰማንያ አራት።
ኢብሬ ወንዙ ውስጥ ያለውን ድንጋይ አየና
"እውነትሽን ነው" አላት።

ማታ ስመለስ፣ ዋሻው ውስጥ ስልኬ መረቡን ጣለ፤
ከወዲያ ማዶ ብርዱ ፊቴ ላይ ዋለ።
"ሞቃት ወይ?" አለኝ አባቴ፣ ራሱን ከዝተቱ አውጥቶ።
"ሞቃት" አልኩት። ተኛ፣ ፊቱ በርቶ።

የቀደድኩት ገበር ኪሴ ውስጥ ነው ያለው፣
ጠዋት እነግረው ይሆናል፤ ካልሆነም ልተወው።
ስልኬ ብልጭ አለ፣ ከትራሴ ሥር፦
ውሃ፣ ሰማንያ ሰባት።
ማራገቢያ፣ ይዞራል።