ጉዳዩ፦ ካፖርት ስለመጠየቅ

እኔ ኤሌውቴሪዮ፣ የግምጃ ቤት ሹም፣
ከአምሳ አለቃ በላይ ማዕረግ የለኝም፤
ሃያ ሁለት ዓመት ቁልፍ ይዤ ስኖር
ከመዝገቤ ወጥቶ ሚስማር አይጠፋም ነበር።

ሦስት ጊዜ ጻፍኩኝ፣ ካርቦን ደርቤ፤
ሦስት ጊዜ ወረደ ያው ደብዳቤ፦
«አርባ አንድ ምልምል፣ ዘጠኝ ካፖርት ብቻ፤
ውርጩ ድንጋይ ይሰብራል፣ ገና በመባቻ።»

መልስ መጣ ከላ ፓስ፣ ሰላም ከሚሏት ከተማ፣
«ጥያቄያችሁ ደርሷል» ይላል፣ ማኅተሙ የደማ፤
«የበጀት ዓመቱ ሲከፈት ይታያል።»
በጀቱ ሳይከፈት ሰማዩ ተከፍቷል።

ብር የለም ተባልን፣ የብር ተራራ አገር ተወልደን፤
ብሩን እዚያ አስቀርተው ብርዱን ላኩልን።

ፊደንሲዮ የዩንጋስ ቆላ ልጅ ነው፣
ብርቱካን ጓሮው ድረስ የሚበስልለት።
በረዶ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር፤
በጣቱ ነካ አድርጎ ቀመሰና
«ጨው መስሎኝ» ብሎ ሳቀ።

ንጋት ላይ አገኘነው፣ ጠመንጃውን አቅፎ፣
እንቅልፍ እንደጣለው ግንቡን ተደግፎ።
እናቶቻችን ድንች ለውርጭ አስጥተው
ቹኞ የሚያደርጉት እንዲህ ባለ ሌሊት ነው፤
ድንቹ ደርቆ፣ ጠቁሮ፣ ለዓመታት ይቀመጣል።
ልጅ ግን አይቀመጥም። ልጅ ይቀበራል።

ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን ከንፈር መጠጡ፦
«መንግሥት ያላደረገው የለም» ሲሉ ተቆጡ፤
«ጉድለቱ የጦሩ ነው፤ ዝግጁነት አልነበረም።»
የሻምበል ሳቱርኒኖን ማዕረግ ገፈፉ፤
ሦስቱንም ደብዳቤ የፈረመ ሽማግሌ ነው።
ላማውን ፈርቶ ከረጢቱን መደብደብ፤
ከረጢት ምን ይመልሳል? አፉ የተሰፋ ነው።

አጣሪ ኮሚሽን መጣ።
«በዚያ ሌሊት ተረኛው ማን ነበረ?»
«ብርዱ» አልኩ።
ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ፤ አልጻፈውም።

ይህን ሁሉ ስናገር ግን አንድ ነገር ዘልያለሁ።
በዚያ ሌሊት አሥር ዘቦች ወጡ።
አሥረኛ ካፖርት ነበረ።
የአልፓካ ሱፍ፣ ገበሩ ቀይ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፣
መዝገቡ ላይ «ለክቡር እንግዳ» ተብሎ የተያዘ።
ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበረ።
ፊደንሲዮ በደጄ ሲያልፍ እጁን እያሟሸ
«ደህና እደሩ፣ አምሳ አለቃ» አለኝ።
«ደህና እደር» አልኩት።
ስጠው ያለኝ የለም። አትስጠው ያለኝም የለም።

ሚኒስትሩ ለቀብሩ ሲመጡ ነፋስ ነበር።
ላስቲኩን ቀድጄ ካፖርቱን አወጣሁ፣
በትከሻቸው ላይ ደረብኩላቸው፣
ካሜራው ፊት በእጅጌው እንባቸውን ጠረጉ።
የወጪ ሰነዱን ሳቀርብላቸው ሳያነቡ ፈረሙ።
ከእኛ ወረቀት የፈረሙት እሱን ብቻ ነው።

ዛሬ ማታ መዝገብ እዘጋለሁ፦
ካፖርት፣ የአልፓካ፣ ብዛት አንድ፤
ወጪ ሆኗል፣ ተመላሽ የለም።
«ያጎደለው ሰው ስም» ይላል የመጨረሻው ዓምድ።
ብዕሩን በትንፋሼ አሞቀዋለሁ፤
ቀለሙ ረግቷል።