የብራናው ቀዳዳ

ውርጭ ባቄላችንን ባጠቆረ ማግስት፣
ከመሐል ሜዳ ዳር፣ ከመሪጌታ ቤት፣
ጥያቄዬን ቋጥሬ በነጠላዬ ጫፍ፣
ዕዳ እንደሚከፍል ሰው ቆምሁኝ ከደጃፍ።

«የኔታ ይርጋሸዋ፣ አይቆጡኝ አደራ፤
የጾመውን ማሳ ካልጾመው ሰው ጋራ
ውርጭ እኩል የሚያነድ ለምን ሳያጣራ?
ዣንጥላ ተስዬ እኅቴ እንድትድን፣
ዣንጥላው ተገዛ፣ ለፍታቷ ሆነን።
ደግሞስ መቃብሩ ባዶ በሆነ ዕለት፣
አንዱ ‹አንድ መልአክ› ሲል፣ ሌላው ሲል ‹ሁለት›፣
የቱን ልመን?» አልሁ።

ቆርቆሮው ላይ ቁራ ተራመደ፤
እሳቸው ዝም አሉ።

ከማኅደሩ ስበው መጽሐፍ ገለጡልኝ፤
ከብራናው መሐል ቀዳዳ አሳዩኝ።

«ፍየሏን በቁሟ እሾህ ወግቷት ኖሮ፣
ቁስሉ ሰፍቶ ቀረ፣ ቆዳዋ ተወጥሮ።
ጸሐፊው አልጣለው፣ ሊደፍነው አልቃጣ፤
ቃሉን ለሁለት ከፍሎ በዳርና ዳር መጣ።

አንድም፣ አላውቅ ልጄ፤
አንድም፣ አላውቀውም፤
የመላእክቱን ቁጥር ቆሜ አልቆጠርሁም፤
የዣንጥላሽንም መልስ እስከ ዛሬ የለኝም።»

ጣቴን ሰደድሁ በቁስሉ፤ አልከለከሉኝም።
ከሥር ያለው ገጽ ላይ አንድ ፊደል ነካሁ፤
ቀይ ይሁን ጥቁር ግን ሳላውቅ ተመለስሁ።

ያረረ ባቄላ ስነቅል እስከ ማታ
ዋልሁ፤ የነጠላዬን ቋጠሮ ሳልፈታ።