የወተት ጠብታ

አፉላ፣ ከአትክልት ተራው ማዶ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጎን፣
«ጢፓት ሐላብ» ይላል ሰማያዊው ሰሌዳ፤
የወተት ጠብታ ማለት ነው። እኔን ግን
«አታጠቢም» ያሉኝ በዚያው በር ገብቼ ነው፣ እንደ እንግዳ።

ነርሷ ሲግሊት «አስተርጓሚ ልጥራልሽ?» አለች፤
ተይ አልኳት፣ በሰባራው ዕብራይስጤ።
አስተርጓሚዋ ከኛ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ናት፤
ወሬው ብቻዬን ያግኘኝ፣ አይቅደመኝ ወደ ቤቴ።

ክኒኑ ሁለት ነው። አንዱ የዘወትሩ፣
ከሩዝ ጣሳ ሥር የሚያድር፣ እኔና ባሌ የቀበርነው ምሥጢሩ፤
ሌላው ወተት የሚያደርቅ። ሁለት ቀን ዋጥኩት።
ጡቴ ግን አልሰማም፤ ያራ ባለቀሰች ቁጥር
ሸሚዜ ላይ ሁለት ክብ አወጣ፣ በፎጣ ሸፈንኩት።

አማቴ እናንዬ መጣች ከሐዴራ፣ አውቶቡስ ቀያይራ፣
አጥሚት በቴርሞስ፣ አብሽ በከረጢት ይዛ፤
«ሴት ናት የወለድሽው፣ ሰማንያ ቀንሽ እስኪሞላ አራስ ነሽ፣
ጠጪ፣ ጡትሽ ይሙላ» አለች፣ እስከ ኩባያው ጠርዝ ቀድታ።
ጠጣሁ። ምን ልበል?
የሚያደርቀውንም የሚሞላውንም
በአንድ ጉሮሮ አወረድኩ፣ በአንድ ማለዳ።

ሴቶቹ ለጥየቃ መጡ፣ ዳይፐር በስጦታ ወረቀት ጠቅልለው፤
ጡጦውን አዩ፣ ተያዩ።
«የዘንድሮ ሴት! እንዳይወድቅባት ነው።»
«ፈረንጆቹ ይሆናሉ፣ ነግረዋት።»
«ቆርቆሮ የጠጣ ልጅ አንጀት የለውም፣ ተዪኝ እስቲ።»
ኩላሊቴን ነው አልኩ፣ ሐኪም ከለከለኝ፣ ስሙን ጠርቼ ማልኩ።
ኩላሊቴ ደኅና ነው። እሱ ይይልኝ።

ውለታ ቢስን «የናት ጡት ነካሽ» እንላለን፤
ልጁን የሚነክስ ጡትስ ምን ይባላል በአማርኛ?
ሌሊት ልጅቷን ደረቴ ላይ አስተኝቼ ፈለግኩት፣ ቃሉን፤
አፏ በጨርቁ ላይ ሲፈልግ፣ እኔም ስፈልግ፣
ሁለታችንም ሳናገኝ ነጋ።

ለእናንዬ ልንገራት ብዬ ነበር። ግን እሷ
የሰጠነውን ደም ደፉት በተባለበት ዓመት
ኢየሩሳሌም ወጥታ የጮኸች ሴት ናት፤
ሳምንት ሙሉ ድምጿ አልተመለሰም ይላል ባሌ።
«ደማችን ደማችሁ ነው!» ስትል ከከረመች እናት ፊት
የኔን ደም በምን አፌ ላንሳው?
ለሺህ ሰው ተከራክራ የካበችውን
እኔ አንዷ፣ ከገዛ ልጇ መኝታ ቤት፣ ልናደው?

ዓርብ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣
አጥሚቱን ደፍታ ቴርሞሱን ስታጥብ አየኋት።
የፈላ ውሃ ሞላችው፣ አጥብቃ ከደነችው፤
በሰንበት እሳት አትነካም እሷ።
ለምን እንደሆነ አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅኳት።

ሌሊት ያራ ስትነቃ የተኛሁ መሰልኩ።
ጣሳውን ከፈተች። ማንበብ አትችልም፣
ማንኪያውን ግን በትክክል ቆጠረች፤
ስቆጥር ስታየኝ ሰንብታለች ማለት ነው።
ነቀነቀችው። ዘነበል አድርጋ አንዲት ጠብታ
ከእጇ አንጓ፣ ከደም ሥሯ ላይ ጣለች፤
ዝም ብላ ሙቀቱን አዳመጠችው።

«እንቺ ልጄ» አለች።
ጨለማ ነው፣ ፊቷ ወዴት እንደዞረ አልታየኝም።
ሸሚዜ እንደገና ረጠበ።