የዱቤ ደብተር

ሱቄ ሽንብጥ ነው፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፤
ሚስማር እሸጣለሁ፣ ቱቦና ቆርቆሮ፣ ሲገኝ ሲሚንቶውን።
ሥዕል አላውቅም እኔ፤ የማውቀው ቀለምን፦
በስንት ሰዓት እንደሚደርቅ፣ ስንት ካሬ እንደሚሸፍን፣
የጋሎኑን ዋጋ፣ የዱቤኛውን ዓይን።

ሐምሌ በገባ ቁጥር ይመጣሉ፣ ጥቁሩን ካባ መልሰው፣
ጥፍራቸው ሥር ከሰል አለ፣ ዲግሪያቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣
«ጋሼ ይስማው፣ ትራፊ የለም? ከሥሩ የረጋም ቢሆን?» ብለው።
የረጋውን አማስዬ በነፃ እሰጣለሁ፤
ያልረጋውን እጽፋለሁ፦

እንዳላማው። ነጭ፣ ሁለት ሊትር። እስከ ጥምቀት።
(ጥምቀት መጥታ ሄደች። እኔም አላነሳሁበት።)
ጥሩሰው። ጥቁር፣ ግማሽ። የባጃጅ ጀርባ ሊጽፍበት።
(ጽፎ ከፈለኝ፤ ሁለት ቆሮሶ ጨመረበት።)
ባንቺአየሁ። ሰማያዊ። ሰማያዊ። ሰማያዊ።
(ጣናን ልትጨርሰው ነው መሰለኝ፣ በእኔ ዱቤ።)

አንድ ቀን ዝናብ አግቷት፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ፣
«አራት ዓመት ምን አስተማሩሽ?» አልኳት።
«ብርሃን ከየት እንደሚመጣ፣
ጥላ ወዴት እንደሚወድቅ፣ እጅ ለምን እንደሚያስቸግር ሲሣል።»
«ዋጋስ?»
ዝናቡን አየች። ጣሪያው ይጮኻል።

ለካ አንድ ባለ ሆቴል ጠርቷታል ከሐይቁ ዳር፤
አሥራ ሁለት ሜትር ግድግዳ፣ ፊቱ ወደ ውሃው፣
ሣይው ብሏታል ከጣሪያ እስከ ምድር።
«እንግዳ ሁሉ ያይልሻል። ለስምሽ ነው። ምሳም አለ» ሲላት
እሺ ልትል አንድ ሐሙስ ነው የቀራት።

ስም! ስም የቤት ኪራይ ይከፍላል?
ይኸው እኔም ስም አለኝ፣ በሬ ላይ ተጽፏል፤
ወር ሲደርስ አከራዬ ስሜን ትቶ ብሩን ይቆጥራል።

የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ ባለ ሆቴሉን ሆንኩላት፤
ሆዴን ነፋሁ፣ አውራ ጣቴን ቀበቶዬ ውስጥ ሻጥ አደረግኩት።
«ስንት ነው?»
«እርስዎ... የፈቀዱትን...»
«አይደለም። ከበሩ ተመልሰሽ ግቢ።
ስንት ነው?»
«ብዙ አይደለም፣ ማለቴ...»
«ግቢ እንደገና።»
ሰባት ጊዜ ገባች። በሰባተኛው አንገቷ ቀና።

ከሲሚንቶ ወረቀት ቀድጄ ሒሳብ ያዝን፦
ቀለም ይኼን ያህል። መወጣጫ እንጨት። ረዳት፣ ስምንት ቀን።
«እጄስ?» አለች።
የሁሉን ዋጋ የማውቀው ሰውዬ እርሳሱን ይዤ ቀረሁ።
ነጠቀችኝና ጻፈች።
ወደ ሚስማሩ ዞርኩ።
እውነቱን ልናገር? በዝቶብኝ ነበር።

ማክሰኞ ሱቄን ዘግቼ ከሩቅ ተከተልኳት፤
ዘንባባው ሥር ቆሜ ሸንኮራ ገዛሁ፣ ጥርስ እንዳለው ሰው።
አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሰውየው ሳቀ።
ከኋላቸው አንድ ታንኳ ደንገሉን ሰንጥቆ ወጣ፣ አምባዛ ጭኖ።
እሷ አልሳቀችም። አንገቷ እዚያው ነበር፣
ካስቀመጥነው።
ሰውየው ሰዓቱን አየና ገባ።

«እምቢ አለ» አለችኝ፣ ሸንኮራዬን ተቀብላ እየላጠች።
«ቁጥሩን ግን አልኩት፣ ጋሼ። ሙሉውን። ጫፉን ሳልውጠው።»
የዚያን ለት ምሽት ሰማያዊ ወሰደች፣ አንድ ጋሎን።
እስከ መቼ፣ አላልኳትም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሲሚንቶው ላይ ይደረደራሉ፤
በየተራ ከበር ተመልሰው እየገቡ ዋጋ ይጠራሉ።
እንዳላማው ዛሬም ይንተባተባል። ጥሩሰው ያጋንነዋል፣ እንስቃለን።
ሚስማር ፈላጊ ብቅ ሲል፣ «ቆይ ወንድሜ» እላለሁ፣ «ፈተና ላይ ነን።»

ግድግዳው እስከ ዛሬ ነጭ ነው።
ዓሣ ልገዛ በዚያ ሳልፍ ቆም ብዬ አየዋለሁ፦
አሥራ ሁለት ሜትር፣ ከጣሪያ እስከ ምድር፣ ምንም ያልነካው።
በሠላሳ ዓመት ንግዴ
እንዲህ ያለ ነጭ ሸጬ አላውቅም።